ዋልያዬን ትቼ ዳክዬ ልቅረፅ?

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ይቆይልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ በቅርፃ ቅርፅ ተመርቄ ነው የመጣሁት። ቀን ኡበር እነዳለሁ፣ ማታ ቤዝመንት ወርጄ ጭቃ አቦካለሁ። የምሠራው የአገራችንን የዱር እንስሳት ነው። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ።

ባለፈው ኅዳር ከባለቤቴ ጋር ቤይ ብሪጅን ተሻግረን ኢስተን ከተማ የዱር እንስሳት የጥበብ ኤግዚቢሽን ለማየት ሄድን። ያየሁት ነገር አፍ ያስይዛል። ላባው አንድ በአንድ የተቀረፀ የእንጨት ዳክዬ፣ ሊበር የደረሰ የሚመስል የነሐስ ዝይ። የአንዳንዱን ዋጋ ሳይ በስህተት ዜሮ የተጨመረበት መሰለኝ። እኔም በባለቤቴ ቦርሳ አንዲት ትንሽ ዋልያ ይዤ ነበር፤ በጭቃ ሠርቼ በሬዚን (ፈስሶ እንደ ፕላስቲክ በሚጠጥር ሙጫ) ያወጣኋት። አንዲት ሴትዮ አየቻትና «እንዴት የምታምር ፍየል ናት! ዳክዬስ ትሠራለህ?» አለችኝ። ቀጥሎ አንድ ዳክዬ የሚቀርፅ ሼባ ዋልያዬን ተቀብሎኝ ገለበጣት። እግሯን ከሥር አየ። «ድንጋይ ላይ ስትቆም ሰኮናዋ ይከፈታል ወይስ ይገጥማል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁሉንም የሠራሁት ከፎቶ ነው። ስሜን ተራራን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። ካርዱን ሰጥቶ «ደውልልኝ» አለኝ። አልደወልኩም።

ስንመለስ ባለቤቴ «ታዲያ ለምን ዳክዬ አትሠራም? እዚህ የሚሸጠው እሱ አይደል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጭቃ አልነካሁም። ለፋሲካ እናቴን ለማየት አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ሰኔ ላይ ደግሞ እቁብ ይደርሰኛል። በእቁቡ ዋልያዬን በነሐስ አስቀልጬ ለመጪው ኅዳር ልወዳደር? ወይስ ዳክዬ ልጀምር? ወይስ ጨርሶ ይቅርብኝ? ፎቶዋን አያይዣለሁ። እባክዎን አንተ ይበሉኝ።

ግራ የገባው ቀራፂ»

ወንድሜ፣

እሺ፣ አንተ እልሃለሁ። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ሥራው ያምራል። አንገቱና ትከሻው ላይ እጅህ ሳይፈራ እንደሠራ ያስታውቃል። እግሩ ጋ ስደርስ ግን ሼባው ለምን እንደገለበጠው ገባኝ። አራቱም ሰኮና ጠፍጣፋ ነው፣ አራቱም አንድ ዓይነት ነው። ከወገቡ በላይ ገደል ላይ ያለ እንስሳ ከወገቡ በታች ሜዳ ላይ ቆሟል። አንድ ነገር ልጨምርልህ። በደብዳቤህ ሁሉ «እሷ» ትላታለህ። በፍቅር ከሆነ ችግር የለውም። ነገር ግን ያ ወደ ኋላ ተቆልምሞ የወረደ ወፍራም ቀንድና ያ ጢም የወንድ ነው። ሴቷም ቀንድ አላት፤ ያጠረና የቀጠነ ነው።

የሴትዮዋን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። «ፍየል» ያለችው አልተሳሳተችም፤ ዋልያን ሳይንሱም ከፍየል ወገን ነው የሚመድበው። «ዳክዬስ ትሠራለህ?» ያለችህም ልትሰድብህ አይደለም። ሴትዮዋ ገዢ ናት። ገዢ ደግሞ የሚያውቀውን ነገር ይፈልጋል። በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ሐይቅ ዳር ያየችውን ወፍ ሳሎኗ ውስጥ ማስቀመጥ ፈልጋ ይሆናል። አንተንስ ብትሆን የምትቀርፀውን እንስሳ ያስመረጠህ ናፍቆት አይደለም እንዴ? እሷን እዚህ ላይ እንተዋት።

የሼባውን ጥያቄ ግን እንደ ውርደት መውሰድህ አሳዝኖኛል። እንዲህ ያለ ኤግዚቢሽን ላይ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ «ቆንጆ ነው» ይላል። «ቆንጆ ነው» ማለት «ደህና ዋል» ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ሥራህን ተቀብሎ የሚገለብጥ፣ ከሥሩ የሚያይ፣ ስለ ሰኮና የሚጠይቅ ሰው ስንት ጊዜ ገጥሞህ ያውቃል? ያ ሰው እንደ ሙያ ባልደረባ ነው ያየህ። ደካማ ሥራ ቢሆን ኖሮ ፈገግ ብሎ ይመልስልህ ነበር።

ጥያቄው ከየት እንደመጣም ማወቅ ይጠቅምሃል። በዚያ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የእንጨት ዳክዬ መጀመሪያ ጌጥ አልነበረም። የአዳኝ መሣሪያ ነበር። አዳኙ ውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል፣ በሰማይ የሚያልፉት ዳክዬዎች ወገናቸው መስሏቸው ይወርዳሉ፣ እሱ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ይተኩሳል። ስለዚህ የሥራው የመጀመሪያ ገምጋሚ ራሱ ዳክዬው ነበር። አቀማመጡ ትንሽ ከተዛባ ወፉ አይወርድም፣ ወፉ ካልወረደ እራት የለም። ክሪስፊልድ በምትባል የሜሪላንድ ከተማ ሌም እና ስቲቭ ዋርድ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። መተዳደሪያቸው ፀጉር ቤት ነው። ከፀጉር ሥራው ጎን ለጎን ዳክዬ ይቀርፁ ነበር። ለሥራቸው ያወጡት መጠሪያም «በእንጨት የውሃ ወፍ አስመሳዮች» የሚል ነበር። ቀልዳቸው ደስ ይለኛል። ስቲቭ በ1976፣ ሌም በ1984 ሞቱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ የእነሱን ዳክዬ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። አንተ የሄድክበት የኢስተን ዝግጅትም ከ1971 ጀምሮ የቆየ ነው። በኅዳር የሚሆነው ያለምክንያት አይደለም፤ የካናዳ ዝይ ከሰሜን ወርዶ እዚያ አካባቢ የሚሰፍርበት ወቅት ነው። እዚያ የመጣው ሕዝብ ጠዋት የሚበረውን ዝይ አይቶ፣ ከሰዓት የተቀረፀውን ዝይ ያያል።

እንግዲህ ዳክዬ ልጀምር ወይ ላልከው መልሴ አይሆንም ነው። ዳክዬ ንቄ አይደለም። አንድ የኢስተን ሰው ከዩቲዩብ ተምሮ እንጀራ ቢጋግርና ለአንተ ቢያቀርብልህ ገና ሳትቆርሰው ዐይኑን አይተህ ታውቃለህ። በጨዋ ደንብ «ጎበዝ» ትለዋለህ፣ ሁለተኛ ግን አትገዛውም። እነሱም ከፎቶ የተሠራ ዳክዬህን እንደዚያው ነው የሚያዩት። ደግሞስ የዳክዬ ቀራፂ እዚያ ሞልቶ! ዕድሜ ልካቸውን ከወፉ ጋር የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር በእነሱ ሜዳ ምን አስገባህ?

ነገር ግን ይህ መልስ ለዋልያህም ይሠራል፤ ዋናው ነጥቤም እሱ ነው። ዳክዬን ከፎቶ መሥራት ካልሆነ ዋልያንም ከፎቶ መሥራት አይሆንም። አገርህ ስለሆነ ብቻ ታውቀዋለህ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ዋልያን የሚያውቀው ከእግር ኳስ ማሊያና ከቢራ ጠርሙስ ነው። ችግርህ ገበያው ጋ ከመሆኑ በፊት ዐይንህ ጋ ነው። እንስሳውን አላየኸውም።

«ስሜን ድረስ በምን አቅሜ?» ትለኝ ይሆናል። እንግዲያው ከቤትህ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ባልቲሞር ሂድ። ማውንት ቨርነን ፕሌስ የሚባል አደባባይ አለ። እዚያ አንትዋን ሉዊ ባሪ የሠራው የተቀመጠ የነሐስ አንበሳ ታገኛለህ። ባሪ በ1795 ፓሪስ የተወለደ፣ በእንስሳት ቅርፅ ሥራ ፈረንሳይን ያስከተለ ሰው ነው። አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ አዞ እያለ ዕድሜውን ፈጀ። አፍሪካን ግን ረግጦ አያውቅም። ታዲያ እንዴት ሠራው? ፓሪስ ውስጥ ዣርዳን ደ ፕላንት በሚባለው የአትክልት ስፍራ ወዳለው የእንስሳት መጠበቂያ እየተመላለሰ ነው። ከሠዓሊው ከደላክሯ ጋር አጥር ተደግፎ ይስላል። እንስሳ ሲሞት ደግሞ ሬሳው ተከፍቶ ሲመረመር አይቶ፣ አጥንቱን ለክቶ በማስታወሻው ይጽፋል። የእግር ርዝመት፣ የራስ ቅል ስፋት፣ ከትከሻ እስከ ዳሌ። ሥራዎቹ አብዛኞቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትንንሾች ናቸው፤ ሲታዩ ግን ይከብዳሉ። ሚስጥሩ ያ ሁሉ ልኬት ይመስለኛል።

አደባባዩ አጠገብ ያለው የዎልተርስ ሙዚየም ውስጥም የባሪ ሥራዎች በብዛት አሉ። መግቢያው በነፃ ነው። እግረ መንገድህን እዚያው ቤት ውስጥ ከአገራችን የወጡ መስቀሎችና ሥዕላት አሉልህ። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ ስብስቦች አንዱ ነው። ከነሐስ የተቀለጡትን መስቀሎች ስታይ እጅህን ከኋላ አድርገህ ቁም፣ ጥበቃዎቹ ይቆጣሉ።

አሁን አንድ ነገር እንዳይምታታብህ እፈራለሁ። «እይ» ስልህ ላባና ፀጉር ቁጠር ማለቴ አይደለም። ኢስተን ያየኸው የላባ ጥበብ እጅ ያስቆርጣል፣ ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ስትማር ሁለት አንበሶች መካከል ስትመላለስ ኖረሃል። አንዱ ለገሃር ያለው፣ ዘውድ የጫነው የይሁዳ አንበሳ ነው። ጆርጅ ጋርዴ የሚባል ፈረንሳዊ የሠራው፣ በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የቆመ። ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወስዶት ነበር፣ በ1960ዎቹ ተመለሰ። ሌላው ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው፣ ሞሪስ ካልካ በ1955 ለብር ኢዮቤልዩው የሠራው ነው። የለገሃሩ ጡንቻው፣ ጎፈሩ፣ ሁሉም በቦታው ነው። የቴአትሩ ግን ትልልቅ፣ ቀለል ያሉ ቅርፆች ብቻ ነው፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ የለበትም። አንበሳነቱ ግን ይጎድለዋል? እኔን ከጠየቅኸኝ የቴአትሩ ይበልጥብኛል። ካልካ ፀጉሩን የተወው ምን መተው እንደሚቻል ስላወቀ ነው። አንተ ሰኮናውን ያደለደልከው ግን ስላላወቅከው ነው። ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፣ ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው ግን ይለያቸዋል። ሼባው የለየውም ይህንኑ ነው።

የት ሄደህ ታያለህ? በቅርቡ እንጀምር። ዲሲ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የአጥንት አዳራሽ አለ። ነፃ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሬድ ላይን የሚባለውን ባቡር ይዘህ መውረድ ነው፤ መኪናህን አታውጣ፣ ፓርኪንጉ ያስለቅስሃል። የፍየልና የበግ ወገን አጥንቶችን ፈልግና የፊት እግርን ከኋላ እግር ጋር አወዳድር። የኋላ እግር «ጉልበት» ወደ ኋላ የሚታጠፍ የሚመስለው በእርግጥ ቁርጭምጭሚት መሆኑን በትምህርት ቤት ሰምተሃል። አጥንቱ ፊት ቆመህ ስትስለው ግን ሌላ ነው።

ቀጥሎ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ መካነ እንስሳት። አራት አምስት ሰዓት መንዳት ለአንተ ምንህም አይደለም። እዚያ በ1990 የተከፈተ፣ የአገራችንን ደጋ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ክልል አለ። ጭላዳ አለበት። ዋልያ የለም፣ የዋልያ የቅርብ ዘመድ የሆነው የኑቢያ አይቤክስ ግን አለ። ከመሄድህ በፊት ደውለህ ሁለቱም ውጭ መሆናቸውን አረጋግጥ። ረቡዕ የነፃ ትኬት አላቸው፣ ቀድመህ በኢንተርኔት ካልያዝክ ያልቃል።

የሼባውን ጥያቄ መልስ እዚህ ልነግርህ እችላለሁ። ይከፈታል። ሰኮናው ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ ሁለቱ ጣቶች ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድንጋዩ እንደሰጣቸው ይራራቃሉ። ጠርዙ ደረቅና ጠንካራ ነው፣ ስንጥቅ ይነክሳል። ውስጡ ለስለስ ያለ ነው፣ ልሙጥ ድንጋይ ላይ አያንሸራትትም። እንስሳው ሲዳገት የፊትና የኋላ እግሩ ሸክሙን እኩል አይካፈሉም፣ ስለዚህ አራቱ ሰኮና በምንም ተአምር አንድ አይሆንም። ይኸው ነገርኩህ። ነገር ግን እኔ ስለነገርኩህ ብለህ ብትቀርፀው ያው ከፎቶ እንደመሥራት ነው። አይቤክሱ ፊት ቆመህ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ሲሸጋገር እግሩ ላይ ብቻ አፍጥጥ። ቀንዱን እርሳው። ቀንዱ አያመልጥህም፣ ሁሉም ሰው ቀንዱን ነው የሚያየው።

ጭላዳው ደግሞ እንደ ቀራፂ ስታስበው ስጦታ ነው። ከጦጣና ዝንጀሮ ወገን ሁሉ በዋናነት ሣር ግጦ የሚያድር እሱ ብቻ ነው። ቀኑን አብዛኛውን ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው። በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ሣሩን ቶሎ ቶሎ ይነጫል፣ እጁ ሲሞላ ወደ አፉ። ቦታው ሲያልቅበት አይነሳም፣ በቂጡ ፈቀቅ ይላል። ወንዱ ያ ረጅም ጎፈር ከትከሻው ወርዶ ሲሸፍነው ከሥር ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ የሆነ ቁልል ይሆናል። መቆሚያ አያስፈልገውም፣ ሽቦ አያስፈልገውም፣ እግር ይሰበራል የሚል ስጋት የለበትም። ጭቃ ላይ ቁጭ ይላል። ታዲያ የአንተ ጭላዳዎች ለምን ቆመው እንደሚሄዱ አልገባኝም። ፎቶ አንሺ የሚወደው ሲቆሙና ጥርስ ሲያሳዩ ስለሆነ ይመስለኛል።

ስትስል አንድ ዘዴ ልንገርህ። እንስሳ አይቀመጥልህም፣ ይንቀሳቀሳል። አንድ ወረቀት ላይ ችክ አትበል። ሲዞር ሌላ ጀምር፣ ሲዞር ሌላ ጀምር። ቆይቶ ወደ መጀመሪያው አቋሙ ይመለሳል፤ አንተም ወደ መጀመሪያው ወረቀትህ ተመለስ። ስልክህን ኪስህ ክተት። ፎቶ ካነሳህ ዐይንህ «በቃ ተይዟል» ብሎ ያርፋል። ጥቂት ፕላስቲሊን (የማይደርቅ ጭቃ) በጣሳ ይዘህ ሂድ፣ ቆመህ በመዳፍህ ልክ ሥራው። አላፊ አግዳሚ ልጆች ይከቡሃል፣ ቻለው።

ለፋሲካ አገር ቤት እሄዳለሁ ያልከውን ሳነብ ደስ አለኝ። የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ጠይቀህ ስሜን መድረስ ከቻልክ ምን ገዶህ። ካልሆነ እናትህን ደብረ ሊባኖስ ውሰዳቸው። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሳቸው ተሳልመው፣ ፀበል ጠጥተው ይመለሳሉ፤ አንተ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ታያለህ። እናት ያስደሰተ ጉዞ የሥራ ጉዞ ሲሆን እንዴት ጥሩ ነው!

በዚያው መንገድ ሱሉልታ ላይ ሜዳው ላይ ውሃ ካለ መኪናዋን አስቁም። በአምቦ መስመር ገፈርሳ ግድብ ብትሄድም ያው ነው። ባለ ሰማያዊ ክንፍ የሚባል አንድ ዝይ ታገኛለህ። ከአገራችን ደጋ ውጭ የትም የለም። ሰውነቱ አመድማ ቡኒ፣ ላባው ለብርዱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ገጽ ያለበት። ሲበር ካልሆነ ሰማያዊው ጎልቶ አይታይም፤ መሬት ላይ ስታየው «ይህ ነው እንዴ?» ትላለህ። አንድ ልማድ ግን አለው። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያስተኛዋል። ቆሞም እንደዚያ ነው፣ ሲሄድም እንደዚያ ነው። አንገቱ ተዘርግቶ የሚታወቀውን የካናዳ ዝይ ሲያይ የኖረ የኢስተን ሰው ይህን ዝይ ቢያይ ምን እንደሚል መገመት ትችላለህ። «አንገቱን ተሳስተሃል» ይልሃል። ያን ጊዜ «አልተሳሳትኩም፣ ቆሜ አይቼዋለሁ» ማለት ትችላለህ።

«ዳክዬ አትሥራ ብለኸኝ ዝይ አመጣህብኝ» አትበለኝ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ዳክዬው የእነሱ ነው፣ ይህኛው ከእናትህ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ነው። ካየኸው በኋላ ካልወደድከው ተወው። ግን ሂድና እየው።

ሼባውን ዛሬ ደውልለት። «ሰኮናውን ለማየት ብሮንክስ ልሄድ ነው» በለው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንግሊዝኛዬ ብለህ ከሆነ የምታመካኘው፣ ሁለታችሁም በእጃችሁ ነው የምታወሩት።

የነሐሱ ነገር። ዘንድሮ አታስቀልጥ። ሂደቱን ታውቀዋለህ፤ ከጭቃው ላይ የጎማ ሞልድ (ቅርፅ ማውጫ)፣ ከሞልዱ ሰም፣ ሰሙ ላይ መፍሰሻ ቱቦ፣ በላዩ የሴራሚክ ቅርፊት፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ከ1000 ዲግሪ በላይ የቀለጠ ነሐስ ይገባል። ከዚያ መቁረጥ፣ መበየድ፣ መሞረድ፣ በመጨረሻ ቀለሙ። ሞልዱ አንዴ ይከፈልበታል፣ የቀረው ግን ለእያንዳንዱ ቅጂ እንደገና ነው። የተሳሳተ ሰኮና በነሐስ ሲወጣ ደግሞ የማይስተካከል የተሳሳተ ሰኮና ይሆናል። ያ ታላቁ ባሪ እንኳ የራሱን ማቅለጫ ከፍቶ፣ በብድር ተዘፍቆ፣ በ1848 ከስሯል። ሞዴሎቹ አበዳሪ እጅ ገቡ፣ የራሱን አንበሶች ሌላ ሰው ሲሸጣቸው አየ። እሱ ባሪ ነው፣ ፓሪስ ነው፣ መሳፍንት ያዘዙት ሰው ነው። አንተ እቁብ ነው ያለህ።

ሬዚን አያሳፍርም። ጀሶም የተተኮሰ ሸክላም አያሳፍርም። ብቻ ሬዚን ከሆነ ሬዚን ብለህ ጻፍበት፣ የነሐስ ዱቄት ቀብተህ ነሐስ አታስመስለው። ስንት ቅጂ እንደምታወጣ ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት ወስን። አሥራ ሁለት ካልክ አሥራ ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ቁጥሩን ቅረፅበት፣ ሲያልቅ ሞልዱን ስበረው። አሥራ ሦስተኛውን ለአጎትህ ልጅ ብለህ እንዳታወጣ። ሰብሳቢ የሚገዛው እምነትህንም ጭምር ነው።

እንዲህ ያሉ ኤግዚቢሽኖች ብዙዎቹ በዳኞች ምርጫ ነው የሚያስገቡት። ማመልከቻው ወራት ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ዳኞቹም የሚያዩት ፎቶህን ነው። ስለዚህ ለመጪው ኅዳር አትሩጥ። መጪው ኅዳር ላይ እንደገና እንደ ጎብኚ ሂድ፣ የሚቀጥለውን አስብ። ቤዝመንቱ ግድግዳ ላይ ልብስ ተሰቅሎ የሚታይበትን የላክኸኝን ዓይነት ፎቶ ለዳኛ አትላክ። ግራጫ ጨርቅ ከኋላ ዘርጋ፣ መብራቱን ከአንድ ጎን አድርገው።

ባለቤትህን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ቅዳሜዋን ሰውታ ድልድይ ተሻግራ፣ ሬዚን ዋልያ በቦርሳዋ ተሸክማ የዋለች ሴት ሥራህን ንቃለች ብለህ እንዳታስብ። «ዳክዬ ሥራ» ያለችህ ተስፋ ስትቆርጥ ስላየችህ ይመስለኛል፤ መውጫ ስትፈልግልህ ነው። አንተ ደግሞ ጭቃህን ጥለህ አኮረፍክ። ይልቅ እቅዱን ቁጭ ብለህ ንገራት። ብሮንክስም አብራችሁ ሂዱ፣ ልጆች ካሏችሁ እነሱንም ይዛችሁ። ሰኔ ላይ እቁቡ ሲወጣ ለአንድ ሞልድና ለቤንዚን የሚበቃህን ቀንስና የቀረውን ለእሷ ስጣት፤ የት መግባት እንዳለበት ከአንተ የተሻለ ታውቃለች።